ኤስኤስዲ ገዝቼም ኮምፒውተሬ አልፈጠነም

ጥያቄ፦ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ላይ የሰካሁት አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ። ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም ጭኜበታለሁ፤ ፊልም ከሚያሳየው ፕሮግራም ከኮዲ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ሲነሳ በጣም ስለሚጎተት ሃርድ ዲስኩን ፈጣን በሆነው የዲስክ ዓይነት፣ በኤስኤስዲ ቀየርኩት። ሲስተሙን ወደ አዲሱ ገልብጬ አሮጌውን አወጣሁ። ኮዲ አንዴ ከመጣ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጣን ነው። እስኪመጣ ግን ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ብሷል። ልጆቹ በስልክ ብናይ ይሻለናል ማለት ጀምረዋል። ራም ልጨምርበት?

መልስ፦ ራሙን ይተዉት። ገንዘብዎም ኪስዎ ውስጥ ይቆይ።

ከጻፉልኝ ሁሉ ዓይኔን የያዘችው «ከበፊቱ ብሷል» የምትለዋ ናት። ኤስኤስዲ ገብቶለት የባሰበት ማሽን ሥራ በዝቶበት አይደለም። የማይመጣ እንግዳ እየጠበቀ ነው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ሲነሳ የኡቡንቱ አርማ ብቅ ሲል ኢስኬፕን ይጫኑ። አርማው ይጠፋና ጽሑፍ መውረድ ይጀምራል። አንዱ መስመር ላይ ሰከንድ እየቆጠረ፣ ጣሪያው 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው ካለዎት ሌባውን ያዙት። ኡቡንቱ ሲነሳ ሁሉን የሚያስጀምረው ሲስተምዲ የተባለው ፕሮግራም አንድ ዲስክ እስኪመጣ በራሱ የሚታገሰው 90 ሰከንድ ነውና።

የትኛው ዲስክ? እኔ የምጠረጥረው ስዋፑን (ራም ሲጠብብ ማገዣ የሚሆነውን የዲስክ ክፍል) ነው። የጠፋው ፋይል የሚቀመጥበት ተራ የዲስክ ክፍል (ፓርቲሽን) ቢሆን ኖሮ፣ ኡቡንቱ ጠብቆ ጠብቆ የአደጋ ጊዜ ጥቁር ስክሪን ላይ ይጥልዎት ነበር። የእርስዎ ግን ከጠበቀ በኋላ ዝም ብሎ ያልፋል። ስዋፕ ሲጠፋ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሲስተሙ ሲገለበጥ አዲሱ ስዋፕ አዲስ መለያ ቁጥር አግኝቷል፤ ወይ ጭራሽ አልተገለበጠም። አሮጌው ቁጥር ግን ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ባለው ኤፍኤስታብ የተባለ ፋይል፣ ማለትም ሲስተሙ ሲነሳ የሚፈልጋቸው ዲስኮች ዝርዝር ላይ እንደተጻፈ ቀርቷል።

መጀመሪያ የፋይሉን ኮፒ ያስቀምጡ። ከዚያ ተርሚናል ላይ በቢኤልኬ-አይዲ ትዕዛዝ አሁን ያሉትን ዲስኮች ቁጥር አውጥተው ከፋይሉ ጋር ያስተያዩ። ባለቤት የሌለው የስዋፕ መስመር ካገኙ ቁጥሩን ያስተካክሉ፤ ስዋፕ ከሌለዎት ደግሞ መስመሩ ፊት የሃሽ ምልክት አድርገው ዝም ያሰኙት። ሌላውን መስመር አይንኩ! በተለይ የዋናው ሲስተም መስመር ከተበላሸ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። አንዳንዴ የፊልም ዲስክ በዩኤስቢ እየሰኩ የሚነቅሉ ከሆነ፣ ለእሱ መስመር «ኖፌይል» የሚለውን ይጨምሩለት፤ ያኔ ዲስኩ ባይኖርም ማሽኑ መንገዱን ይቀጥላል።

ከዚህ በኋላ ሲስተምዲ-አናላይዝ ብለው ይዘዙ። ጊዜው የት እንደሄደ ከፋፍሎ ያሳይዎታል። ብሌም የሚለውን ቢጨምሩበት እያንዳንዱ አገልግሎት የፈጀውን ይዘረዝራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ አገልግሎቶቹ ጎን ለጎን ስለሚነሱ፣ ከላይ የተቀመጠው ሁልጊዜ አዘግዪው አይደለም። ማን ማንን እንዳስጠበቀ ለማየት ክሪቲካል-ቼይን የሚለው ይሻላል። እዚያ ላይ ኔትወርክማኔጀር-ዌይት-ኦንላይን ከታየና ፊልሞቹ እዚያው ማሽን ላይ ካሉ ያጥፉት። ኔትወርክ እስኪገናኝ ኮዲን የሚያስቆምበት ምክንያት የለም። ፊልሞቹ ሌላ ማሽን ላይ ከሆኑ ግን ይተዉት።

ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኡቡንቱ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ሜኑ፣ ኤስኤስዲውን የመጀመሪያ ተነሺ ያድርጉ፤ በኔትወርክ መነሳትንም ያጥፉ። እናፈጥናለን የሚሉ የጽዳት ፕሮግራሞችን ግን አደራ፣ አይጫኑ። ራሳቸውም አብረው እየተነሱ ጊዜ ይበላሉ።

በነገራችን ላይ፣ የቴሌቪዥን ኮምፒውተር ማታ ማታ መጥፋት ያለበት አይመስለኝም። ከኮዲ የማጥፊያ ሜኑ ሰስፔንድን (ማስተኛትን) ይምረጡ። ሲስተሙ ራሙ ላይ ስለሚቆይ በጥቂት ሰከንድ ይነቃል፤ በእንቅልፉም የሚበላው መብራት ጥቂት ነው። ሪሞቱ የማይቀሰቅሰው ከሆነ ባዮስ ውስጥ በዩኤስቢ መቀስቀስን የሚፈቅደውን ምርጫ ያብሩ።