ቀይዋ ጥጃ የማን ናት? በሚደጋገም ዲኤንኤ አባትን መለየት

ጥያቄ፦ ላሜን በሆልስታይን አባለዘር አስዳቀልኳት። በማግስቱ ግን የጎረቤት ኮርማ አጥር ጥሶ ገብቶ አጠቃት። የወለደቻት ሴት ጥጃ ቀይ ናት። አባቷን በላብራቶሪ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ሁለቱ ድቀላዎች በ3 ሳምንት ቢራራቁ ኖሮ የወለደችበትን ቀን ቆጥሮ መለየት ይቻል ነበር፤ እርስዎ ዘንድ የአንድ ቀን ልዩነት ስለሆነ ቆጠራው አይረዳም። ቀይነቷም ጥርጣሬውን ያጠናክራል እንጂ ነገሩን አይቆርጠውም፤ ጥቁርና ነጭ የሆነ ሆልስታይንም የቀይ ዘር ደብቆ ሊያወርስ ይችላል።

ላብራቶሪው የሚያነበው ማይክሮሳተላይት የሚባሉ የዲኤንኤ ቦታዎችን ነው። እዚያ እንደ «ሲኤ» ያለች አጭር የዲኤንኤ ፊደላት ቅንጣት ተደጋግማ ትመጣለች፤ የድግግሞሹ ብዛት ከከብት ከብት ይለያያል። ጥጃ በየቦታው ሁለት ቁጥር አላት፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት። ጥጃዋ 14 እና 19፣ ላሟ 14 እና 16 ቢኖራቸው 19ኙ የአባት ነው፤ 19 የሌለው ኮርማ እዚያ ቦታ ላይ አልገጠመም። ድግግሞሹ ሲወረስ አልፎ አልፎ ስለሚለወጥ አንድ አለመግጠም ብቻውን ኮርማውን አያስወጣውም፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ያስወጣዋል። ለከብት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው ስብስብ 12 ቦታዎች አሉት። ተጠርጣሪዎቹ ወንድማማች ወይም አባትና ልጅ ከሆኑ ተጨማሪ ቦታዎች ያስፈልጋሉ።

የላሟን ናሙና አደራ አይተዉ። እሷ ከሌለች የትኛው ቁጥር የአባት እንደሆነ ስለማይለይ ሁለቱም ኮርማዎች «ሊሆኑ ይችላሉ» ተብለው ሊቀሩ ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ናሙና ሲወስድ ነው። ፀጉር በመቀስ አይቁረጡ፤ ለምርመራው የሚያስፈልገው ዲኤንኤ ያለው ሥሩ ላይ ነው። ፋንድያ ካልነካው የጭራ ጫፍ 30 ያህል ደረቅ ፀጉር ጣትዎ ላይ ጠቅልለው በአንዴ ይንቀሉ፤ ነጭ ሥሩ መውጣቱን ይዩ። በወረቀት ፖስታ ያስቀምጡት፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል። ለእያንዳንዱ ከብት የየራሱ ፖስታ ይኑር፤ የጆሮ ቁጥሩን ይጻፉበት፤ በመሃል እጅዎን ይታጠቡ። ጥጃዋ መንታ ከሆነች ደም አይስጡ፤ መንቶች በማህፀን ደም ስለሚቀላቀሉ ውጤቱ የሁለት እንስሳ ሊሆን ይችላል።

ውጤቱ አባቷን ይነግርዎታል፤ ስንት ሊትር እንደምትታለብ ግን አይነግርዎትም።

ለሆልስታይኑ፣ አዳቃይ ቴክኒሻኑ የመዘገበውን የኮርማ ቁጥር ይጠይቁ። ላብራቶሪው የዚያን ኮርማ ውጤት ቀድሞ ከያዘ ሌላ ናሙና አያስፈልግም፤ ካልያዘ የዚያው ኮርማ አንድ ስትሮ (አባለዘሩ የሚቀመጥበት ቀጭን ቱቦ) አባለዘር ይበቃል።