ጥጃ ቤት ልግባ ወይስ የቢሮ ሥራ ልጠብቅ?

እህቴ፣ መልእክትሽን አነበብኩት። በእንስሳት ሳይንስ ተመርቀሽ ወራት ቤት ተቀምጠሻል። አሁን ቢሾፍቱ ያለ አንድ የወተት ላም እርባታ የጥጃ ክፍል ኃላፊ አድርጌ ልቅጠርሽ ብሎሻል። አንቺ ደግሞ «ጥጃ ለማጥባት ነው እንዴ የተማርኩት?» ብለሽ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ እስኪያወጣ ልጠብቅ ትያለሽ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግቢበት።

የሀበሻዋ ላም ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመ ወተቷን አትለቅም፤ ገበሬውም ለራሱ ሲል ጥጃውን ይንከባከበዋል። ከውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀለችው ክልሷ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ጥጃ ትታለባለች። ስለዚህ ጥጃው ገና በጠዋቱ ከእናቱ ተለይቶ በባልዲ ወይ በጡጦ ያድጋል፣ ሕይወቱ በሰው እጅ ይወድቃል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ቦታ ያልሠለጠነ፣ ደመወዙ ትንሽ፣ ሌሊት ላይም የተኛ ነው።

እንገሩን፣ ላም እንደወለደች የምትሰጠውን የመጀመሪያ ወተት፣ ብቻ እንይ። ላም የበሽታ መከላከያዋን በእንግዴ ልጅ በኩል ለጥጃዋ አታሳልፍም፣ ጥጃው የሚያገኘው ከእንገሩ ነው፤ አንጀቱም ያንን የመቀበል አቅሙ በየሰዓቱ እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። 30 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ 3 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት፣ ቢዘገይ እስከ 6። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደው ጥጃ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሠራተኛ ሲደርስለት አስቢው። በሳምንቱ በተቅማጥ ሲወድቅ ሁሉም መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል፣ ነገሩ የተበላሸው ግን ያን ሌሊት ነው። እትብቱን አዮዲን መንከር፣ ደረቅ ጉዝጓዝ፣ የታመመውን ለብቻው ማድረግ፣ እነዚህን ታውቂያቸዋለሽ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ደመወዝ ከማንሳትሽ በፊት እንዲህ ብለሽ ጠይቂ። ላም ሌሊት ስትወልድ ማን ነው የሚነሳው? ለአንድ ጥጃ በቀን ስንት ሊትር ተመድቧል፣ የሚቀንሰውስ ማነው? ለወንዱም ያው ነው? ባለፈው ዓመት ስንት ተወልዶ ስንት ሞተ? ለመጨረሻው «አልመዘገብንም» ካሉሽ አትደንግጪ፣ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ለውጡ በአንቺ ስም ይመዘገባል። «ወተት ሲወደድ ከጥጃው እንቀንሳለን» ካሉሽ ግን ደግመሽ አስቢበት፤ ጥጃ ባለቀ ቁጥር ተጠያቂዋ አንቺ ትሆኛለሽ፣ ሥልጣኑ ግን እጅሽ ላይ የለም።

ከገባሽ ከመጀመሪያው ቀን ደብተር ያዢ። የተወለደበት ሰዓት፣ አወላለዱ ቀላል ነበር ወይስ በእርዳታ፣ እንገር የጠጣበት ሰዓት፣ የውጭ ዝርያ ደሙ መጠን፣ ከሞተም በስንት ቀኑና በምን። ዛሬ የሞተች ሴት ጥጃ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የምትታለብ ላም ነበረች፣ ባለቤቱም ይህን በቁጥር ሲያየው ነው ደመወዝ ላይ የሚለሳለሰው። እንደ ሆለታ ያለ የምርምር ማዕከል ለመወዳደር ብታስቢም ከዲግሪሽ ጎን ይዘሽው የምትቀርቢው ይህንኑ ነው።

የወረዳው ማስታወቂያ ከወጣም አመልክቺ፣ ማን ከለከለሽ። ቦት ጫማ ግን ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያ የሚሰጡት ብዙ ጊዜ የወንድ ቁጥር ነው።