የአጭር ፊልም ፖስተር ለምትሠሩ ልጆች

ልጆች፣ በቱሉ ዲምቱም በጀሞም አጭር ፊልም ሠርታችሁ ፖስተሩን ራሳችሁ የምታዘጋጁ ብዙ ናችሁ። ፎቶሾፑን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሥራችሁ የረጅም ፊልም ፖስተር አሳንሰው ያተሙት ይመስላል።

ረጅሙ ፊልም የሚሸጠው በታወቀ ፊት ስለሆነ አምስት ስድስት ተዋናይ ቢደረድር ምክንያት አለው። የእናንተን ተዋንያን ገና ሰው አያውቃቸውም። ለ15 ደቂቃ ፊልም አንድ ምስልና አንድ ርዕስ በቂ ነው። ከግርጌ የሚታጨቀው የስም መዓትም ሆሊውድ ውስጥ የሙያ ማኅበራትና የውል ግዴታ ያመጣው ልማድ ነው። እናንተን ማን አስገደዳችሁ? ዳይሬክተሩን፣ ደራሲውንና ዋና ተዋንያኑን ጻፉ፣ የሚታይበትን ቀንና ቦታ ጨምሩ፣ አለቀ።

የሌላ ሰው ፖስተር ስታጠኑ «ያምራል» ብላችሁ አትለፉ። ሦስት ሰከንድ አይታችሁ ፊታችሁን አዙሩ፤ ዓይናችሁ መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሄደ ጻፉ። ከዚያ በስልክ አንሡትና ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። ርዕሱ ከጠፋ፣ ከጀርባው የለየው ቀለሙ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ቀይ በአረንጓዴ ላይ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያታልላል። በመጨረሻ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሱት። አብዛኛው ተመልካች ቴሌግራም ላይ የሚያየው በዚያ መጠን ነው።

ትልቁ ጥፋት ግን ፊደል ላይ ነው። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው። «ቢ» እና «ቤ»ን ቀረብ ብላችሁ እዩ፤ ሁለቱም ቀኝ እግራቸው ሥር ቅጥያ አላቸው፣ የአንዱ ጭረት፣ የሌላው ቀለበት። ፎንቱ ወፍራም፣ መጠኑ ትንሽ ሲሆን የቀለበቷ ቀዳዳ በቀለም ይደፈንና «ቤት» «ቢት» ተብሎ ይነበባል። ዙሪያውን ነጭ መስመር፣ ከሥሩ ጥላ ስትጨምሩበት ደግሞ ይብሳል (ይህን ጥላ ማን እንዳስለመደን እንጃ)። ፊደሉን ጨምቃችሁ ስታጠቡት ቋሚ እግሮቹ ይቀጥናሉ፣ አግዳሚው እንደ ወፈረ ይቀራል። ርዕሱ አልበቃ ካለ በሁለት መስመር ክፈሉት እንጂ አትጭመቁት። ፊደላችን ከላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ይልቅ ቁመቱ ሙሉ ስለሆነ፣ በመስመሮቹ መካከልም ሰፋ ያለ ክፍተት ተዉ።

ግራና ቀኝ ቅጠል የከበበው የፌስቲቫል ምልክት ሁለት ሦስት ይበቃል፣ በእኩል ቁመትና በአንድ ቀለም። ፌስቲቫሉ «ተመርጧል» የሚል ከላከላችሁ «አሸንፏል» አታድርጉት።

ለኤ3 ሕትመት ፋይሉ በኢንች 300 ነጥብ፣ ማለትም 3508 በ4961 ፒክስል ይሁን፤ በአራቱም ጎን ለመቁረጫ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምሩ። ቀለሙን ወደ ሲኤምዋይኬ (ማተሚያ ቤት ወደሚጠቀምበት የአራት ቀለም አሠራር) ቀይራችሁ እዩት፤ ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ጽሑፉንም ወደ አውትላይን (ፎንት ወደማይፈልግ የፊደል ቅርጽ) ለውጡ፤ ማተሚያ ቤቱ ፎንታችሁ ከሌለው ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ፖስተሩ ታክሲ መያዣ ጋ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ቀንና ሰዓቱን በቀይ አትጻፉ። ቀይና ቢጫ ቀድመው ይለቃሉ፣ ሰማያዊና ጥቁር ይቆያሉ። ቀኑን በጥቁር፣ ነጣ ባለ ጀርባ ላይ አድርጉት።