የማንን አስተያየት ልመን ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የመለሱልሽንም አየሁ። ያልሽው በአጭሩ ይሄ ነው፤ አንዱ «ድንቅ ነው» ያለውን መጽሐፍ ሌላው «ብርሽን አታቃጥዪ» ይልሻል፣ በሰው ምክር 650 ብር ከፍለሽ የገዛሽውን ገጽ 40 ላይ ዘግተሽ አስቀመጥሽው፣ አሁን የማንን አስተያየት እንደምታምኚ ግራ ገብቶሻል። መላሾቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው የሚወዱትን መጽሐፍ ስም ጥለውልሽ ሄዱ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው።

እኔ ሃያሲ አይደለሁም። ቀን ቀን ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እቆጣጠራለሁ፣ ማታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። ግን ከጎረቤቶቼ ጋር አምስት ዓመት የዘለቀ የመጽሐፍ ዕቁብ አለን። የማወራሽ እዚያ ካየሁት ነው።

ዕቁቡ እንዲህ ነው። አስራ አንድ ነን። በወር ሁለት ሁለት መቶ ብር እንጥላለን። ዕጣ የወጣለት በ2,200 ብሩ የፈለገውን መጽሐፍ ይገዛል፣ ከልካይ የለውም። ስንጀምር ስምንት ዘጠኝ መጽሐፍ ታቅፎ ይመጣ ነበር፤ አሁን ሦስት ካገኘ ተመስገን ነው። መጽሐፎቹ ከቤት ቤት ይዞሩና መጨረሻ ላይ ገዢው ጋ ይቀራሉ። በየመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ የደብተር ወረቀት እናጣብቃለን፤ ያነበበ ሁሉ አስተያየቱን እዚያ ይጽፋል። ከጋዜጣ የተቆረጠ፣ ከስልክ ወጥቶ የታተመ ጽሑፍም አብሮ ይዞራል። ቅዳሜ ከሰዓት ኮሚናሉ ውስጥ ቡና ይፈላል፣ ክርክሩ ይጦፋል። ውሃ መጣ ከተባለ ግን ያ ሁሉ የሥነ ጽሑፍ ሰው ጀሪካን ፍለጋ ይበተናል። ሲመሽ ደግሞ ጅቡ አለ፤ ከሜዳው ወዲያ ካሉት ብሎኮች የሚመጡት ቶሎ ነው የሚነሱት።

የመጀመሪያው ዓመት ወረቀቶች አሁንም አሉ። «በጣም አሪፍ።» «አልተመቸኝም።» «እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ሊያነበው የሚገባ።» ይቺን የመጨረሻዋን አንድ ሰው ብቻውን አራት መጽሐፍ ላይ ጽፏታል። በኋላ ጋሼ ሰለቻቸውና ሕግ አወጡ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ከሁላችንም በላይ ያነባሉ። «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አትበሉኝ። የት ጋ እንዳቆማችሁ፣ የት ቁጭ ብላችሁ እንዳነበባችሁ፣ ማንን እንደጠላችሁ ጻፉልኝ» አሉ። ሳቅንባቸው። ግን ለሰው የሚረባ ነገር መጻፍ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ፍቅር እስከ መቃብርን እንውሰድ። በ1958 የታተመ፣ ያላነበበው ሰው እንኳ ያነበበ የሚመስለው መጽሐፍ። ከመካከላችን ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ። ተራው እስኪደርስ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ነው የሚያነበው። «የፍቅር መጽሐፍ ነው» ብለን ሰጠነው። «ብዙ ሄድኩ፣ ሰብለወንጌል የለችም» ብሎ ጽፎ መለሰው። ልጁ አልዋሸም። ሐዲስ ዓለማየሁ ታሪኩን የሚጀምሩት ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው፤ በዛብህ ራሱ ገና አልተወለደም። ጋሼ ደግሞ የሚወዱት ያንን መጀመሪያውን ነው። ለምን ሲባሉ ነገሩ ወጣ። መጽሐፉን መጀመሪያ ያወቁት በጆሯቸው ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። እስከ ዛሬ ገጹን ሲገልጡ የሚሰማቸው የሱ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ አይቸኩሉም። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡት እትዬ ተወልደው ያደጉት ጎጃም ነው። በልጃቸው አስነብበው በልጃቸው ነው የሚያስጽፉት። ስለ ፍቅሩ አንድ ቃል አላሉም። «ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሩ ላይ ሲዘምቱ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ አባቴ ያወራልን የነበረው ባላባት ቁርጥ እሳቸውን ነው» ነው ያስጻፉት። እነዚህን ሦስት መስመሮች ብታነቢ ለማን እንደምትቀርቢ ወዲያው ታውቂዋለሽ፤ ኮከብ ብንደረድርልሽ ግን ምንም አታውቂም ነበር። ልጁ አሁን ባጃጁ የኋላ መስታወት ላይ «ጉዱ ካሳ» ብሎ አስለጥፏል። መጽሐፉን እስከ ዛሬ አልጨረሰውም።

አስመራ ላይ የሚያጠነጥነው የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ፣ ኦሮማይ ላይ ሌላ ነገር ታዘብኩ። በ1975 ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፣ በዓሉ ግርማ ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 የካቲት ከቤት እንደወጣ ቀረ። ይሄን ሁሉም ያውቃል። እኔ እንዳየሁት ሰው ኦሮማይን ሲያደንቅልሽ ግማሹን የሚያደንቀው ይሄን ታሪክ ነው። ክፋት የለውም፣ ግን የመጽሐፍ አስተያየት አይደለም። ነርሷ ጎረቤታችን ደፍራ «ደራሲው ምን እንደደረሰበት ባላውቅ ኖሮ ይህን ያህል ልቤ ይመታ ነበር ወይ?» ብላ ጻፈች። አንድ ጸጥ ያሉ ሰው አሉ፣ በዚያ ዘመን ወታደር ሆነው ሰሜን የነበሩ። እሳቸው የጻፉት አንዲት መስመር ናት፤ «አስመራን አውቃታለሁ» ብለው ስማቸውን ፈረሙ። ቡናው ላይ ጥያቄ አበዛንባቸው፣ ስኒያቸውን እያዞሩ ዝም አሉ። ከኔ ሁለት ገጽ ትንተና ይልቅ ያቺ መስመር መጽሐፉን ደግሜ እንድጀምረው አደረገችኝ። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ላይም፣ የ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ትርጉም ላይ፣ ያው ነው፤ ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እንደተረጎመው የሰማ ሰው ትርጉሙን ለመተቸት አፉ ይያዛል።

አሁን የኔን ጉድ ልንገርሽ። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ያሳተመውን አደፍርስን ሁሉም «ጥልቅ» ሲለው እሰማ ነበር። ተራዬ ደረሰ። ሃይገር ውስጥ ቆሜ፣ አንድ እጄ ብረቱን ይዞ፣ አንድ እጄ መጽሐፉን፣ ከሳሪስ እስከ ቤቴ ሁለት ገጽ። ሰዎቹ ያወራሉ፣ ያወራሉ፣ ማን ለማን እንደሚናገር ይጠፋብኛል። ስልሳ ገጽ ሳልደርስ ተውኩት። ወረቀቱ ላይ ግን ምን ብዬ ጻፍኩ? «ጥልቅ ሥራ።» ቅዳሜ ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «የቱ ጋ ነው የጠለቀብህ?» አሉኝ። እንዴት እንዳላበኝ አትጠይቂኝ። ይሄን የምነግርሽ ድንቅ ከሚሉሽ ሰዎች መሃል እንደኔ ያለው ብዙ ስለሆነ ነው። ያልጨረሰውን መጽሐፍ ማመስገን ቀላል ነው፣ ማንም አይጠይቅሽማ። ደግነቱ በኋላ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ባለቤቴ የስልኳን መብራት ይዛልኝ፣ ጮክ ብዬ እንደ ተውኔት ድምፄን እየቀያየርኩ አነበብኩላት። ያን ጊዜ ገባኝ። ንግግሩን በጆሮ መስማት ነበረብኝ። አሁን ወረቀቱ ላይ የፊተኛው ተሰርዞ «ቆመህ አታንብበው፣ ጮክ በል» ተብሎ ተጽፏል።

ከሁሉ የሚያስቀውን ደግሞ ስሚ። አምና አንዲት አባል ከአዟሪ አንድ ልብ ወለድ ገዝታ መጣች። ደራሲውን አልጠራም፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም። መጀመሪያ ያነበበው «መሃል ላይ በድንገት ዘመን ይዘላል፣ ደፋር አጻጻፍ ነው» አለ። ሁለተኛዋ «ዝላዩ የገጸ ባሕርይዋን የተሰበረ ሕሊና ያሳያል» ብላ ጻፈች፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ናት። እኔ ሦስተኛ ነኝ፣ «እስማማለሁ» አልኩ። አራተኛው ባጃጅ ነጂው ነበር። «ሰውየው ገጽ 176 ላይ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ቀጥሎ ሰርግ ላይ ይጨፍራል፣ ምንድነው?» ብሎ ጻፈ። ጋሼ መጽሐፉን ተቀብለው የገጽ ቁጥሩን አዩ። ከ176 ቀጥሎ 193 ነው። አስራ ስድስት ገጽ፣ አንድ ሙሉ እጥፍ፣ ሲጠረዝ የለም። መጽሐፉ ለካ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተሸጠ ሌባ ኅትመት ነው። ጀርባውን ገለጥ ስናደርገው ሙጫው ራሱ አልያዘም ነበር። የተሰበረውን ሕሊና ያገኘችው ልጅ ሦስት ቅዳሜ ቡና አልመጣችም። ስለዚህ እህቴ፣ ከአዟሪ ስትገዢ መሃሉን ገለጥ ገለጥ አድርጊና ቁጥሩን እዪ። እና ደግሞ «አልገባኝም» የሚል አስተያየት አትናቂ፣ አንዳንዴ ከሁሉ በደንብ ያነበበው እሱ ነው።

ከጋዜጣና ከስልክ የሚመጣ ጽሑፍ ላይ ነገሩ ይለያል። ልብ ወለድ ላይ ሁሉም ሰው እኩል ድምፅ አለው ባይ ነኝ። ስለ ጤና፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ታሪክ በተጻፈ ላይ ግን የለውም። አንድ ሰሞን «ጨጓራ በሁለት ሳምንት ቻው» የሚል ጽሑፍ ዞሮ ነበር፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ምን ምን ጠጡ የሚል። ዘጠኝ ሰው «ጠቃሚ» ብሎበታል። ነርሷ ጋ ሲደርስ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ተመለሰ። ብዙው የጨጓራ ቁስለት ኤች ፓይሎሪ ከሚባል ባክቴሪያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ፣ ተመርምሮ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንደሚታከም፣ ይሄን ያገኙት ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች በ2005 በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቤል እንደተሸለሙ ጻፈችበት። አንደኛው ሐኪም ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ሞክሮታል ብላ ስትነግረን እትዬ አማተቡ። እዚህ ላይ የዘጠኙ ሰው «ጠቃሚ» ምን ዋጋ አለው?

የድሮ ጋዜጣ ጽሑፍም እንወዳለን። ጋሼ ካርቶን ሙሉ አላቸው። ጳውሎስ ኞኞ አዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ ለአንባቢ የሚመልሰውን ስናነብ የሚስቅም አለ፣ «ጠያቂውን አበሻቀጠው» ብሎ የሚቆጣም አለ። የአዲስ አድማስ ርዕሰ አንቀጽ በተረት ስለሚጀምር ባለቤቴ ተረቱን ብቻ አንብባ ፖለቲካውን ለኔ ትተውልኛለች። ከተረቱ ወዲያ ያለውን አንብቤ ስነግራት «እሱንማ ቀበሮዋ ብላዋለች» ትለኛለች።

ሀብታም ስለሚያደርጉ መጽሐፎች ብዙ አልልሽም። አራት ገብተዋል። ዕቁቡ ያው ሁለት መቶ ብር ነው።

አሁን ወደ አንቺ። አያት ሰፈር እንደምትኖሪና የምታነቢው እሁድ እሁድ ብቻ እንደሆነ ጽፈሻል። ከሳምንት ሳምንት ገጸ ባሕርያቱን የምትረሺ ከሆነ ወፍራም ልብ ወለድ የሚመክርሽን ለጊዜው ተዪው፤ ሰውየው ምናልባት በየማታው የሚያነብ ነው። ሳትገዢ ቅመሺ። አንድ እሁድን ለዚህ ሰውተሽ ባቡር ይዘሽ፣ ከመጣልሽ፣ ለገሀር ውረጂና በእግርሽ ወደ ብሔራዊ ትያትር ሂጂ። መጽሐፍ ሻጮቹ አስር ገጽ ቆመሽ ብታነቢ አይቆጡም፣ ጠዋት ከሆነማ ጭራሽ። መግዛት ካልፈለግሽ አራት ኪሎ አብርሆት አለልሽ፣ በ2014 የተከፈተው፤ ቁጭ ብለሽ የፈለግሽውን ገልጠሽ ትመለሻለሽ። ከዚያ ደግሞ «ድንቅ ነው» ያለሽን ሰው ያዢና እንደ ጋሼ ጠይቂው። የት ሆነህ አነበብከው? የት ጋ ልትተወው ነበር? ከተንተባተበ እኔን አስቢኝ።

እና አንድ ነገር ቀረሽ። የ650 ብሩን መጽሐፍ ርዕስ አልነገርሽንም። ርዕሱ ይቅር፣ ገጽ 40 ላይ ምን እየሆነ ነበር?