የሚጥል በሽታን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መከታተል፦ የድሬና የሐረር ጥያቄዎች

ጥያቄ (ሳቢያን)፦ እናቴ የሚጥል በሽታ ኪኒኗን (ካርባማዜፒን) የምትወስደው ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው። ቻትጂፒቲን ፕሮግራም አውጣላት ብለው አንዱን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አደረገው። ለምን?

መልስ፦ «2 ሰዓት»ን በፈረንጆች ሰዓት አንብቦት ነው ወንድሜ። «08:00 እና 20:00» ብለህ ጻፍለት። ያወጣውንም ራስህ ቁጠረው፤ በሁለቱ ኪኒኖች መሃል 12 ሰዓት ከሌለ አትቀበለው። ደወሉን ስልኳ ላይ ራስህ ሙላላት።

ጥያቄ (ከዚራ)፦ ልጄን ሲጥለው ቻትጂፒቲ ላይ ምን ልመዝግብ?

መልስ፦ ዋናው ሥራ ይሄ ነው እህቴ። እንዲህ አድርጊው፦

«ጥቅምት 12፣ 21:40። 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ቆየ። በቀኝ እጅ ጀመረ፣ ከዚያ መላ ሰውነቱ። ከነቃ በኋላ 30 ደቂቃ ግራ ተጋባ። ባለፈው ሌሊት የተኛው ለ4 ሰዓት ብቻ። የጠዋቱን ኪኒን ረስቷል። በርጫ፦ አዎ።»

«ለ» የምትለዋን ፊደል አትተዪ። «4 ሰዓት ተኛ» ካልሽው በ4 ሰዓት ጋደም አለ ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ ያኔ የእንቅልፍ ማጣቱ ከመዝገቡ ይጠፋል። በድምፅ ከነገርሽው ደግሞ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አንብቢ። የሦስት ወሩን አንድ ላይ ሰጥተሽ «በአንድ ገጽ ለሐኪም አዘጋጅልኝ፣ ያልጻፍኩትን አትጨምር» በዪው። ከተቻለ ሲጥለው ሌላ ሰው ቪዲዮ ያንሳ፤ ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይበልጣል።

ጥያቄ (ሐረር)፦ በረመዳን ቻትጂፒቲ የኪኒኑን ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ያዙርልኝ?

መልስ፦ አይሆንም። ከኢፍጣር እስከ ሱሑር 12 ሰዓት አይሞላም፤ ቀኑ ደግሞ ይረዝማል። ይህን የሚችል ኪኒን አለ፣ የማይችልም አለ። በራስ መቀየርና ማቋረጥ ተከታታይ ጥቃት ሊያመጣ ይችላል። ለሐኪምህ የምታቀርበውን ጥያቄ ግን ያርቅልህ፤ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት ቀደም ብለህ ውሰደው።

ጥያቄ፦ ስም ልጻፍበት?

መልስ፦ ስምም የካርድ ቁጥርም አትጻፍ። «ወንድ፣ 19 ዓመት» ይበቃል።

ጥያቄ (ገንደ ቆሬ)፦ ልጄን ጥሎት እያለ ቻትጂፒቲን ልጠይቀው?

መልስ፦ አትጠይቂው። ስልኩን ለሰዓት ቆጠራ ብቻ ያዢው። በጎኑ አስተኝው፣ ከጭንቅላቱ ሥር ነጠላ አጣጥፈሽ አድርጊ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቢ፣ ክብሪትም አታሽትቺው፤ ጭሱ አያነቃውም። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ድሬ ላይ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሂጂ። የሚወስደውን የኪኒን ስምና መጠን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ከካርዱ ጋር አስቀምጪ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቻትጂፒቲ ውስጥ ያለው ላይከፈት ይችላል።