ስለ ሱሪናም የቅኝ ግዛት ዘመን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሱሪናም በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ ላይ ያለች ትንሽ አገር ናት። የቅኝ ግዛት ዘመኗን በተመለከተ ለጠየቃችሁኝ እነሆ መልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሆላንዶች ኒውዮርክን ሰጥተው ሱሪናምን ወሰዱ የሚባለው እውነት ነው?

ወደ እውነቱ ይጠጋል፤ ግን ቁጭ ብለው ተደራድረው አልተለዋወጡም። እንግሊዞች ኒው አምስተርዳምን፣ የዛሬዋን ኒውዮርክ፣ በ1664 ከሆላንዶች ቀምተዋል። በ1667 መጀመሪያ ደግሞ በአብርሃም ክራይንሰን የሚመሩ የሆላንድ መርከቦች መጥተው በሱሪናም ወንዝ ዳር የነበረውን የእንግሊዞች ምሽግ ያዙ። በዚያው ዓመት ብሬዳ በምትባል የሆላንድ ከተማ ሲታረቁ ሁሉም የያዘውን ይዞ ቀረ። ስኳር ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝበት ዘመን ስለነበር ሆላንዶች ተጎዳን አላሉም።

ጥያቄ፦ የሚያስተዳድራት የሆላንድ ንጉሥ ነበር?

አይደለም፤ ሆላንድ ያኔ ሪፐብሊክ ናት። ከ1683 ጀምሮ የአምስተርዳም ከተማ፣ የምዕራብ ህንድ ኩባንያ የሚባለው የሆላንድ የንግድ ድርጅትና የቫን ሶመልስዳይክ ቤተሰብ ሲሶ ሲሶ ተካፍለው ይዘዋታል። አገሪቱ የባለአክሲዮኖች ንብረት ነበረች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን ዝም ብለው ተገዙ? አላመጹም?

እንዴት ዝም ይላሉ! ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል እህቴ፤ ለእኔ የሱሪናም ታሪክ እምብርቱ ይሄ ነው።

ወደ 200 ሺህ የሚሆን ሰው ከአፍሪካ ተጭኖ መጥቷል። ባርነት በ1863 ሲቀር በባርነት ሥር የተገኙት ግን 33 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። የሸንኮራ አገዳው እርሻ ረግረግ ላይ ስለነበር፣ ውሃው የሚወጣበትን ቦይ ጭቃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው የሚቆፍሩት እነሱ ናቸው።

ያመለጡት ወንዙን ተከትለው ሽቅብ ወደ ጫካው ገቡ። የወታደር ጀልባ እንደልቡ ከማያልፍበት ከፏፏቴው ማዶ መንደር መሠረቱ። ከእነዚህ አምላጮች ሕዝቦች አንዱ የሆኑት የሳራማካ ሰዎች እስካሁን እንደሚያወሩት፣ ሴቶቹ ሲጠፉ የሩዝ ዘር ሹሩባቸው ውስጥ ደብቀው ነበር።

በ1757 በቴምፓቲ ወንዝ አካባቢ ትልቅ አመጽ ተነሣ፤ አማጺዎቹም ንጁካ ከሚባሉት ሌሎች አምላጮች ጋር ተቀላቀሉ። ከመካከላቸው ጃማይካ የኖረና መጻፍ የሚችል ቦስተን የሚባል ሰው ነበር። የጃማይካ አምላጮች ከእንግሊዝ ጋር መዋዋላቸውን ያውቅ ስለነበር፣ እኛም እንደዚያ እንታረቅ ብሎ ለቅኝ ገዢዎቹ ደብዳቤ ጻፈ። ኦክቶበር 10 ቀን 1760 በንጁካዎችና በቅኝ ገዢዎቹ መካከል ውሉ ተፈረመ። ሁለቱም ወገኖች ደማቸውን ቀላቅለው ጠጥተው ማሉ። ሳራማካዎች በ1762፣ ማታዋይ የሚባሉት አምላጮች ደግሞ በ1767 ተከተሉ። የባርነት ማብቂያ ሕግ ከመውጣቱ 100 ዓመት በፊት እነዚህ ሰዎች ነጻነታቸውን በክንዳቸው አስከብረዋል!

የውሉ መራራ አንቀጽም መነገር አለበት። ከዚያ በኋላ አምልጦ የሚመጣን ሰው ለባለርስቶቹ ለመመለስ ተስማምተዋል። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ጦርነቱ ትውልድ ፈጅቶባቸዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አምስተርዳም ነው። ሱሪናሞች ጁላይ 1 ቀን የሚያከብሩት ምንድን ነው?

ባርነት የቀረበትን ቀን፣ ጁላይ 1 ቀን 1863ን። መንግሥት ካሳ ከፍሏል፤ ለባለቤቶቹ፣ በአንድ ሰው 300 ጉልደን (የሆላንድ ገንዘብ)። ነጻ ለወጡት ሰዎች ሰባራ ሳንቲም አልደረሳቸውም። ጭራሽ ለ10 ዓመት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር በውል እንዲሠሩ ተገደዱ። ብዙዎቹ ነጻነታችን የጀመረው በ1873 ነው የሚሉት ለዚህ ነው። የሆላንድ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በዲሴምበር 2022፣ ንጉሡም በጁላይ 2023 ነው። እጅግ ዘግይቷል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሱሪናም ውስጥ ያሉት ህንዶችና ጃቫዎች ከየት መጡ?

እርሻው ሠራተኛ ፈለገ። ላላ ሩክ የምትባለው መርከብ የመጀመሪያዎቹን ህንዶች ይዛ በጁን 1873 ደረሰች። ከ1890 ጀምሮ ደግሞ ሆላንድ ትገዛት ከነበረችው ከጃቫ ደሴት (ዛሬ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ናት) ሰው ይመጣ ጀመር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአምላጮቹ ዘሮች ዛሬም አሉ?

አሉ። ግን ያ ሁሉ ውል መሬታቸውን አላዳነላቸውም። በ1960ዎቹ፣ ሱሪናም ገና በሆላንድ ሥር ሳለች፣ ለአሉሚኒየም ፋብሪካ መብራት ተብሎ አፎባካ በሚባል የሱሪናም ወንዝ ቦታ ላይ ግድብ ተሠራ። የሳራማካ መንደሮች ውሃ ዋጣቸው፤ ወደ 6 ሺህ ሰው ተፈናቀለ። አገሪቱ በ1975 ነጻ ከወጣች በኋላም ደናቸው ለእንጨት ኩባንያዎች ሲሰጥ፣ አቤቱታቸውን እስከ አሜሪካ አህጉር የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ወሰዱት። በ2007 ፍርድ ቤቱ የመሬቱ መብት የእነሱ ነው ብሎ ፈረደላቸው። አፈጻጸሙ ላይ ግን ዛሬም ከመንግሥት ጋር እየተሟገቱ ነው።