የሥራ ሂደት መንደፊያ ሶፍትዌር ለሁሉም ሰው እንዲመች፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ማመልከቻ ወይም የግዢ ጥያቄ ከማን ወደ ማን እንደሚመራ፣ ማን እንደሚያጸድቀው ኮድ ሳይጻፍ የሚነደፍባቸውን ሶፍትዌሮች በተመለከተ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልሴ እነሆ።

ጥያቄ፦ ፋይናንስ ክፍል ነው የምሠራው። ሥልጠና ላይ አልማዝ፣ ድርብ ክብ፣ ውስጡ ፖስታ ያለበት ክብ እያሳዩን ግራ ገባኝ። ይህን ሁሉ ማወቅ ግድ ነው?

መልስ፦ በፍጹም፣ እህቴ። ያሳዩሽ ቢፒኤምኤን የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሥራ ሂደት አሣሣል ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሁለተኛው ቅጂ ከመቶ በላይ ምልክቶች አሉት። ዙር ሙህለንና ሬከር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 የቀደመውን ቅጂ ሲያጠኑ፣ ሰዎች አዘውትረው የሚጠቀሙባቸው ምልክቶች ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ እንኳ እንደማይሞሉ አሳይተዋል። መነሻ፣ ሥራ፣ ውሳኔ፣ መጠበቂያና መጨረሻን ከለየሽ የክፍልሽን ሂደት ታነቢያለሽ። ሌላውን ሶፍትዌሩ እስኪያስፈልግ ድረስ ሊሸሽገው ይገባ ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ የሶፍትዌር አልሚ ነኝ። ተጠቃሚዎቼ ሂደቱን ነድፈው ይጨርሱና “አስጀምር” የሚለውን መጫን ይፈራሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፍርሃታቸው ልክ ነው። አንዴ ከተጫነ ኢሜይሉ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ሊደርስ ይችላላ! ለማንም ምንም የማይላክበት መሞከሪያ ስጣቸው። ባለፈው ወር የተስተናገደ አንድ እውነተኛ የግዢ ጥያቄ ያስገቡና የት የት እንዳለፈ፣ የት እንደቆመ በዓይናቸው ይከተሉት። ሲቆም ደግሞ “ኑል ቫልዩ ኤረር” በሚል ባለሙያ ብቻ በሚገባው የስህተት መልእክት አትተዋቸው። “የዋጋው ቦታ ባዶ ስለሆነ ጥያቄው ወደ ፋይናንስ አልተመራም፤ ዋጋውን ሞልተው እንደገና ይሞክሩ” በላቸው። በእኔ እምነት ከሚያምር ሥዕል ሁሉ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበልጣለች። ወደ ትናንቱ ንድፍ መመለሻም አትርሳ፤ ማበላሸት እንደማይችል ያወቀ ሰው ደፍሮ ይነካል።

ጥያቄ፦ ሠራተኞችን “ሂደታችሁን ንገሩኝ” ስላቸው መመሪያውን ያነቡልኛል።

መልስ፦ ሂደቱን አትጠይቅ፤ መጨረሻ የመጣውን ጉዳይ ጠይቅ። “ይህ ወረቀት መቼ ገባ? ከማን ጠረጴዛ ላይ ቆየ? ለምን?” በል። ኃላፊው መስክ ሲወጡ ማን እንደሚፈርም፣ ውክልና ካልሰጡ ደግሞ ምን እንደሚደረግ የሚወጣው ያኔ ነው። ሶፍትዌሩ “ፈራሚው ከሌሉስ?” ብሎ ራሱ ካልጠየቀ ተጠቃሚው ትዝ አይለውም፤ በመጀመሪያው የዓመት ፈቃድ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

ጥያቄ፦ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ሶፍትዌሩ የሚልከው ማስታወሻ ያለ ሰዓቱ ይመጣል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው ይሉናል።

መልስ፦ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ጸሐፊዋ ጠዋት 3 ሰዓት ለማለት 3፡00 ብላ ስትሞላ፣ ሶፍትዌሩ በፈረንጆቹ ሰዓት ተረድቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይልከዋል። “በየወሩ በ30” የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በእኛ ከጳጉሜን በቀር በየወሩ 30 ቀን አለ፣ በእነሱ ፌብሩዋሪ ግን የለም። ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ስላካተተ፣ አይቻልም የሚሏችሁን አትቀበሏቸው። ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን እንዲታዩ፣ ሰዓቱም “ጠዋት” ወይም “ሌሊት” ተብሎ እንዲመረጥ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በስልክ መንደፍ ይቻላል?

መልስ፦ ሥዕል መጎተቱ በትንሽ ስክሪን ያሰለቻል። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የደረጃዎች ዝርዝር ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሂደቱን በአማርኛ ነግሬው ኤአይ ቢነድፍልኝስ?

መልስ፦ ለመነሻ ረቂቅ ጥሩ ነው። ግን የነደፈውን መልሶ በዓረፍተ ነገር እንዲያነብልህ አድርግ። “ከ20 ሺህ ብር በላይ ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ያጽድቁ” ብለኸው እንደሆነ በ19,999፣ በ20,000 እና በ20,001 ብር ሞክረው። ልክ 20,000 ብር የሆነው ጥያቄ ወዴት እንደሚሄድ መወሰን ያለበት የመሥሪያ ቤቱ የግዢ ኃላፊ ስለሆነ፣ ስትሞክር አጠገብህ ይቀመጥ።